ሰሌዳው ሙሉ ነበር

በዚያ ድርጅት ውስጥ ከእኔ በላይ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ይበል፤ ግድ የለኝም፤ እውነት ነውና። መሐንዲሳችን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ነው። ብሎን በመዳፌ ይዤ ቁጥሩን ስነግረው መለኪያውን አውጥቶ ይለካል፤ ያልኩት ሆኖ ያገኘዋል። እኔ አንድ ቀን ትምህርት ቤት አልገባሁም። የዕብራይስጥን ፊደል የለየሁት አውቶቡስ ላይ ከሚጻፉ የሰፈር ስሞች ነው። የእንግሊዝኛውን ደግሞ መካኒኮቹ በዘይት እጃቸው ካቆሸሿቸው የጥገና መጻሕፍት ለቃቅሜ ተማርኩ። የቀጠሩኝ ወለል እንድጠርግ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ለምነው የመሣሪያ ቤቱን ኃላፊነት ሰጡኝ። እኔ አልለመንኩም፤ እነሱ ናቸው የለመኑት።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኪርያት ማታሎን በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ በመኪና ጋራዦችና በብረት ቤቶች መካከል፣ ከውጭ ሲያዩት ጎማ የሚቀየርበት ይመስላል። እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፋቸውና ጅራታቸው ተፈቶ፣ በተሳቢ ተጭኖ ወደ እኛ ይመጣል፤ ተጠግኖ ይመለስና እዚያው በሚነሡበት ሜዳ ይገጠማል። አምስት መካኒኮች፣ አንድ መሐንዲስ፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ። ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ይበርዳል ብዬ ብጠብቅ እየባሰበት ሄደ።

የመሣሪያ ቤቱን አሠራር ማስረዳት አለብኝ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተሥሎበታል፤ መዶሻው በመዶሻ ቅርጽ፣ ካቻቪቴው በካቻቪቴ ቅርጽ፣ ፒንሳው በፒንሳ ቅርጽ ላይ ይሰቀላል። የተወሰደ እንደሆነ ቀዩ ቀለም ያፈጥብሃል። እያንዳንዱ መካኒክ ደግሞ ቁጥር የተቀረጸባቸው ክብ የናስ ምልክቶች ነበሩት። የብሎን መፍቻ ቁልፍ ሲወስድ ምልክቱን በቦታው ይሰቅላል፤ ቁልፉን ሲመልስ ምልክቱን ይወስዳል። ክንፍ ተዘግቶ ከመውጣቱ በፊት እኔ ሰሌዳውን እቆጥራለሁ። ሙሉ ከሆነ እፈርማለሁ፤ ካልሆነ ክንፉ አይወጣም። የአውሮፕላን ክንፍ ውስጡ ባዶ ነው፤ የመሪው የብረት ገመድ ያልፍበታል። እዚያ ውስጥ የተረሳ ብረት አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ተንሸራቶ ገመዱን ሊይዝ ይችላል። መድኃኒት ረጪ ደግሞ የሚበረው ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ነው። ገመዱ ከተያዘበት ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ የለውም።

ይህን ማንም ሊያስተምረኝ አላስፈለገም። አባቴ በጎንደር ገጠር ቀጥቃጭ ነበር። ጎረቤቶቻችን ማረሻቸውን እኛ ዘንድ ያሠሩና ዞር ብለው ቡዳ ይሉናል። አባቴ ጉጠቱን፣ መዶሻውን፣ መሮውን ሳይቆጥር ወናፉን ፈትቶ አያውቅም። እያንዳንዱ ብረታችን ላይ የራሱን ምልክት ይመታ ነበር። እኔም የድርጅቱን መሣሪያ ሁሉ፣ ትንሿን ሳልተው፣ እጀታቸው ላይ ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት መታሁባቸው። መሐንዲሱ ሲያይ ሣቀ። ቆይቶ ግን እንዲህ ያለ ነገር በትልልቆቹ ድርጅቶችም እንደሚሠራ አንብቦ መጥቶ ነገረኝ። እኔ ሳላነብ ነው የሠራሁት።

አሮጌው ባለቤት ጤናው ታውኮ ቤት ሲቀመጥ አማቹን አመጣልን። ሜናሄል፣ ማለትም ሥራ አስኪያጅ ተባለ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው የሚያበራ፣ ስለ አስተዳደር የተማረ ሰው ነው። ስለ አውሮፕላን ያልተማረ። የሚያውቀው አንድ ቃል ነበር፤ «ዪህዬ በሰደር»፣ ደህና ይሆናል። የመብሻ ማሽኑ ድምፅ ተቀይሯል ስትለው ዪህዬ በሰደር። ማጣበቂያው ጊዜው አልፏል ስትለው ዪህዬ በሰደር። መጀመሪያ ያደረገው የናስ ምልክቶቹን ማስቀረት ነው።

«ሰዎቹ በየደቂቃው ምልክት ሲሰቅሉና ሲያወርዱ ጊዜ ይባክናል» አለኝ።

«ማን ምን እንደወሰደ በምን ልወቅ?»

«ትልልቅ ሰዎች አይደሉም እንዴ? እመናቸው!»

እመናቸው ያለው ሰው በወሩ የስልክ ቡድን ከፈተና «የሳምንቱ ስሕተት» የሚል ነገር ጀመረ። አንድ ነባር መካኒክ ብሎን ከልክ በላይ አጥብቄ ሰንጥቄዋለሁ ብሎ ራሱ ሄዶ ነገረው። የብሎኗ ፎቶ ከሰውዬው ስም ጋር ወጣ፤ ሥሩ የሚሥቁ ፊቶች ተደረደሩበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው ተሰናበተ፤ በቦታው ሌላ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ብሎን ተሰንጥቆ አያውቅም። የተሰነጠቀ ሁሉ ኪስ ገብቶ ይወጣል እንጂ የሚናገር የለም። ሜናሄሉም ስሕተት ቀነሰ ብሎ ለአማቱ ሪፖርት አደረገ!

ከአምስቱ መካኒኮች አንዱ የእኛ ሰው ነበር። ከትግራይ የመጣ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና ዕብራይስጥ እንደ ውኃ የሚናገር፣ አርባዎቹን የጀመረ፣ አሚሻቭ የሚባል ሰፈር ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖር። የመጣው እንደ እኔ ለጽዳት ነው። መጥረጊያውን አስጥዬ መካኒክ አጠገብ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ይህን እሱም አይክደውም። የአውሮፕላን መካኒክ ፈቃድ ለማውጣት የተወሰነ ዓመት በኃላፊ ሥር መሥራት፣ ከዚያ ድርጅቱ ፈርሞለት መፈተን ያስፈልጋል። ለእሱ የቀረው ሦስት ወር ነበር። ያንን ፈቃድ ቢይዝ በእኛ ቤት ከእኛ ሰዎች የመጀመሪያው ይሆን ነበር። ልጆቹ ቀኑን በማቀዝቀዣው በር ላይ ጽፈው ይቆጥሩለት ነበር።

አንድ ሰኞ ከቀትር በኋላ የግራ ክንፍ ተዘጋና ልቆጥር ቆምኩ። አስራ አንድ ቁጥር ቁልፍ የለችም። ቀዩ ቅርጽ ባዶውን ያፈጥብኛል። ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የጨርቅ ቅርጫቱን ፈለግን፤ የለችም። ለሜናሄሉ ነግሬ፣ አልፈርምም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ ሰሌዳው ሙሉ ነው። አስራ አንድ ቁጥር ቁልፍ በቦታዋ ተሰቅላለች። አወረድኳት። ታበራለች። እጀታዋ ላይ ሁለት ነጥብም ጭረትም የለም። ከዚያው መንገድ፣ ከብረት ቤቱ ተገዝታ የተሰቀለች ናት። ይዣት ወደ ቢሮው ገባሁ።

«ይህን ማን ሰቀለ?»

«እኔ» አለ፤ ከስልኩ ቀና ሳይል። «ጎድሏል አልክ፤ ሞላሁልህ። ተሳቢው ቀትር ላይ ይመጣል፤ ያላ፣ ቶሎ ፈርም።»

«የጠፋችውስ?»

«አስራ አንድ አስራ አንድ ነው። ምን ልዩነት አለው?»

«አንተ የሞላኸው ሰሌዳውን ነው። እኔ የምጠይቅህ ክንፉ ውስጥ ምን እንዳለ ነው!»

«ክንፉን ለመክፈት ግማሽ ቀን ይፈጃል። የት እንዳለች እንኳ አታውቅም፤ አንዱ ኪሱ ከቷት ሄዶ ይሆናል። ዪህዬ በሰደር።»

ያን ክንፍ የሚጠብቀው አብራሪ ዘወትር ራሱ ይመጣ ነበር። ፂሙ የሸበተ፣ የገበሬ ልጅ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሳባ ይለኛል፤ አያቴ ማለቱ ነው። ወረቀቱን አያነብም። ፊቴን አይቶ «ሳባ፣ ቆጥረሃል?» ይላል፤ «ቆጥሬያለሁ» ስለው ይሄዳል። በዚያ ቀን ቀትር ላይ መጥቶ እንደሚጠይቀኝ እያሰብኩ ወደ መካኒኮቹ ወጣሁ።

አምስቱንም ሰብስቤ ጠየቅኩ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። አባቴ ብረት የደበቀ ሰው ሲፈልግ ዓይን አያይም ነበር፤ እጅ ነው የሚያይ። እኔም እጅ አየሁ። የእኛው ሰው ቀኝ እጁ በየደቂቃው የሱሪው የጎን ኪስ ላይ ትሄዳለች፤ ባዶውን ዳብሳ ትመለሳለች። ከእኔ በቀር ይህን ያየ የለም።

መሣሪያ ቤት ጠራሁትና በሩን ዘጋሁ።

«አንተ ነህ።»

በዕብራይስጥ መለሰልኝ። «አላውቅም፤ ስለምን እንደሚያወሩ አላውቅም።»

«በአባትህ ቋንቋ አናግረኝ።»

በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባባ፣ ይተዉኝ። ሦስት ወር ነው የቀረኝ» አለ።

«አብራሪውስ? እሱ ስንት ቀረው?»

«እኔ አልተኛሁም እኮ! የተኛሁ መስሎዎት ነው? ገመዱ የሚዞርባት መዘውር አጠገብ ነበርኩ፤ ሜናሄሉ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ፍጠን፣ ፍጠን፣ ጨረስክ ወይ። ስልኩን ለማንሣት ቁልፏን የሆነ ቦታ አኖርኳት። ውስጥ ይሁን ውጭ አላስታውስም። ሄጄ ብነግረው ፎቶዬን ያወጣዋል፤ በማግሥቱ ወደ ቤት። እርስዎ አያውቁትም?»

አውቀው ነበር። ግን እኔ ማን ነኝ? በአገሬ ሁለት ቤተሰብ ደም የተቃባበትን ነገር ቁጭ ብዬ ያስታረቅኩ ሰው ነኝ። ፔታህ ቲክቫም ገብቼ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ስንቱን አስማምቻለሁ፤ በእኔ እጅ የተያዘ ነገር ፈርሶ አያውቅም። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፤ «አንተ እውነቱን ተናገር። እኔ ሽማግሌህ ሆኜ እገባለሁ። እንጀራህን የሚነካብህ የለም፤ ዋስህ እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ ካሉ እሺ» አለ።

ይህ ነው የእኔ ስሕተት። ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ምስክር ይጠራ ነበር፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይደውል ነበር። እኔ ግን የማውቀውን አደረግኩ። ይዤው ገባሁ፤ ሜናሄሉን ከወንበሩ አስነሥቼ ሦስታችንም ትይዩ ተቀመጥን። በቆንጆ ዕብራይስጥ ተናገርኩ፤ ስፈልግ የምናገረው ዕብራይስጥ ከብዙ ተወላጅ ይበልጣል። ይህ ሰው ራሱ መጥቶ እውነቱን አምጥቷል፤ አንተ ደግሞ እንደ ታላቅ ተቀብለህ ነገሩ እዚህ ይለቅ፤ ሥራው እንዳይነካ በመካከላችሁ የቆምኩት እኔ ነኝ አልኩ። የእኛው ሰው ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሜናሄሉ ተነሣ፤ ትከሻውን መታ አደረገለት፤ «ኮል ሃካቮድ፣ ክብር ይገባሃል፤ ይህ ነው ጀግንነት» አለ። ከዚያ እጄን ጨበጠ። አጥብቆ ነው የጨበጠኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ መካከል ቆሞ፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ጠይቆ፣ የተበደለው እጅ ከጨበጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። መልሶ የሚያነሣው ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ አይገባም።

ክንፉ ተከፈተ። ሁለት መካኒኮች መክደኛውን ሲያነሡ አብራሪው ደርሶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አስራ አንድ ቁጥር ቁልፏ ሁለት ነጥብና አንድ ጭረቷን ይዛ፣ ገመዱ በሚዞርባት መዘውር ጥግ ተኝታለች። የጣት ያህል ብትንሸራተት ገመዱን ትነክሰው ነበር። አብራሪው እጁን ሰዶ አወጣት፤ አገላብጦ አያት። ከዚያ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ያን የሚያህል ሰው! ተነሥቶ ወደ እኛው ሰው ሄደና «ስለተናገርክ አመሰግናለሁ፤ ሚስቴም ታመሰግንሃለች» አለው። የእኛው ሰው አንገቱን ደፋ፤ ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

ያ ፊት አንድ ቀን አልቆየም። በማግሥቱ የቁልፏ ፎቶ ከስሙ ጋር በስልክ ቡድኑ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሰው፤ ከመሰናበቱ በፊት ሕጉ ለሚያዘው ቃል መስጫ ተጠርቷል። ቃሉን ሰጠ፤ ሐሙስ ተሰናበተ። የፈቃዱን ወረቀትም አልፈረሙለትም፤ በደኅንነት ጉዳይ የተሰናበተ ሰው ነውና።

የቢሮውን በር ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ቃል ተሰጥቶታል!» አልኩ። ድምፄ እስከ ጎረቤት ጋራዥ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

«ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ» አለ። «እኔ የጨበጥኩት እጅህን ነው።»

«ያ እጅ ምን ነበር ታዲያ?»

«ጨዋነት። ተረጋጋ። ሰውዬው አውሮፕላን ውስጥ ቁልፍ ረስቷል። ምን ላድርገው፣ ልሸልመው?»

«አዎ ሸልመው! መሣሪያ ረስቶ የማያውቅ ከአምስቱ የለም፤ የተናገረው እሱ ብቻ ነው። አንተስ? አዲስ ቁልፍ ገዝተህ የሰቀልከው? ያንተ ፎቶ የት ወጣ?»

ስልኩን አነሣና መነጋገር ጀመረ። ማንም አልደወለለትም ነበር።

እሑድ አሚሻቭ ሄድኩ። በሕይወቴ ይቅርታ ለመጠየቅ የሰው ደጃፍ የረገጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ፤ «ይግቡ አባባ» አለች፤ ግን ዓይኔን አላየችም። እሱ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ትልቋ ልጅ በዕብራይስጥ «ይሄ ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ «ዝም በይ» አላት።

«ልጄ፣ ተታለልኩ» አልኩት። «ያንን ሰው እንደ ሰው ቆጥሬ ነው።»

«ገብቶኛል፤ እርስዎን አልቀየምም። አብራሪውም ተርፏል፤ ደስ ይለኛል።» ውኃ ቀዳልኝ። «ግን አባባ፣ አልዋሽዎትም። ዛሬ ብጠየቅ አልናገርም።»

ልቆጣው ፈለግኩ። ሰው በገዛ አፉ እንዲህ ይላል? ልለው ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን አያምኑም፤ ለማንም መልስ አጥቼ አላውቅምና። እሱ አሁን እዚያው ኪርያት ማታሎን ውስጥ የመኪና ጎማ ይቀይራል። ክንፍን እንደ ሕፃን አገላብጦ የሚያይ እጅ ጎማ ይቀይራል።

እኔ ሥራውን ወዲያው አልለቀቅኩም። ብለቅ ማን ይቆጥራል አልኩ። ለአሮጌው ባለቤትም ደወልኩ፤ አዳመጠኝ፣ አሳለ፣ «ልጄ ያገባችው ሰው ነው፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ይህ ነው እንግዲህ የአስተዳደራቸው ሁሉ ሥር። በሰማይ የሚሄድ ሰው ሕይወት በምድር ባለ ጋብቻ ይወሰናል።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ትንሿ ፒንሳ ጎደለች። የቀኝ ክንፍ ተዘግቷል፤ የዚያው አብራሪ ነው። አራቱን መካኒኮች ሰበሰብኳቸው፤ የአምስተኛውን ቦታ የሚሞላ ገና አልተገኘም ነበር። ጠየቅኩ። መሬት አዩ። እጃቸውን አየሁ። አራቱም ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ቀብረው ቆመዋል። ተምረዋል! ያንን የእጅ ነገር እንዴት እንደያዝኩት ለአንድ ሰው ነግሬ ነበር፤ እሱ ለሁሉም ነግሯል።

«ማንም አይነካችሁም» ልል አፌን ከፈትኩ። ከአራቱ አንዱ፣ ሩሲያ የተወለደው፣ ቀድሞኝ ፈገግ አለ። ክፋት አልነበረውም ፈገግታው። «ሳባ፣ አትድከም» አለኝ።

አልፈረምኩም። ሜናሄሉ ብዕሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ፈረመ። እኔ ከፊቱ ቆሜ ለአብራሪው ደወልኩ።

«ሳባ፣ ቆጥረሃል?»

«ቆጥሬያለሁ። ፒንሳ ጎድሏል።»

«ክንፉ ውስጥ ናት?»

«አላውቅም። ዱሮ ቢሆን የሚነግረኝ ሰው ነበር። አሁን የለም።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ከማንም ጋር ሳይነጋገር ክንፉን በራሱ መኪና ላይ ጭኖ ወሰደና ሌላ ቦታ አስከፈተው። ማታ ደወለልኝ፤ ፒንሳዋ የለችም። ግን እዚያ ቤት ዳግመኛ ክንፍ እንደማያመጣ ነገረኝ። እኔም ያን ቀን የመሣሪያ ቤቱን ዘግቼ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። አርጅቶ ነው የወጣው ይላሉ አሉ። ይበሉ።

ፒንሳዋ እስከ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። በዚያው ሳምንት ከዚያ ቤት ሌሎች ሁለት ክንፎች ወጥተዋል፤ የማን እንደሆኑ የአውሮፕላን ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስመዝግቤ ሰጥቻለሁ፤ እንመረምራለን ብለውኛል። ከአራቱ ሰዎች አንዱ ግን ያውቃል። ከአራቱ የትኛውንም መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም እንባባላለን። አልጠይቀውም። ለመጠየቅ በምላሹ የምሰጠው ቃል ሊኖረኝ ይገባል፤ የእኔን ቃል ደግሞ ሜናሄሉ ቢሮው ውስጥ ጨብጦ አስቀርቶታል።